ማኑፋክቸሪንግና ባለ እጅ

የምሽት ዜና የሚከታተል ሰው «ማኑፋክቸሪንግ» የሚለውን ቃል ሳይሰማ እራቱን አይጨርስም። ዘርፉ ተነቃቅቷል፣ ዘርፉን የውጭ ምንዛሪ አጥሮታል፣ ለዘርፉ ልዩ ትኩረት ተሰጥቶታል። እኔ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለብረታ ብረት፣ ለአውቶ መካኒክና ለልብስ ስፌት ሠልጣኞች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የተቀጠርኩት ሰዋስው ላስተምር ቢሆንም ጊዜዬ የሚያልቀው ሠልጣኞቹ ከመማሪያ መጽሐፋቸው ለቅመው የሚያመጧቸውን ቃላት ስፈታ ነው። ማኑፋክቸሪንግ ምን ማለት ነው ሲሉኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በእጅ መሥራት። ክፍሉ ይስቃል። ግድግዳው ላይ ሮቦት መኪና ሲበይድ የሚያሳይ ፖስተር ተለጥፏል፤ እሱን ያዩና ቲቸር ቀለደ ይላሉ።

ቀልድ አይደለም። ቃሉ የላቲን ነው። «ማኑስ» እጅ ነው፣ «ፋኬሬ» መሥራት ነው። ሁለቱ ተጋጥመው በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ውስጥ የገቡት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። (የውጭ አገር ነገር ሳነሳ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ያኔ ማኑፋክቸር ሲባል ጫማ ሰፊው የሰፋው ጫማ፣ ሸማኔው የሸመነው ጨርቅ ማለት ነበር። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከውኃ ወፍጮና ከመሰሎቹ በቀር ሰው የሚገለገልበት ዕቃ ሁሉ ከሰው እጅ የወጣ ነበር።

ማኑስ ብዙ ልጆች አሉት። ማኑዋል በእጅ የሚያዝ መጽሐፍ ነው፤ ማኑስክሪፕት በእጅ የተጻፈ ነው፤ ማኔጅመንት ደግሞ ፈረስን በእጅ ከመግራት የመጣ ነው፣ የዘመኑ ሥራ አስኪያጆች ይህን ሲሰሙ ፈረሱ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ አይቸኩሉም። እኔን የሚያስቀኝ ግን የፍግ ነገር ነው። እንግሊዞች ፍግን «ማኒዩር» ይሉታል። ቃሉ መጀመሪያ መሬትን በእጅ መሥራት፣ ማልማት ማለት ነበር፤ ውሎ አድሮ ማሳው ላይ የሚበተነው ነገር መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የጦር መኮንኖች «ማኑቨር» የሚሉት ልምምድም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ጄኔራሉና ፍጉ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ መርፌ ቁልፍ አሠራር ያወራል። አሥር ሠራተኞች ሥራውን ተከፋፍለው፣ አንዱ ሽቦ ሲስብ፣ አንዱ ሲያቃና፣ አንዱ ሲቆርጥ፣ አንዱ ሲያሾል፣ በቀን 48,000 መርፌ ቁልፍ ያወጣሉ። ይህ ታሪክ በየኢኮኖሚክስ ክፍሉ ይነገራል። የማይነገረው እነዚያ አሥር ሰዎች በአብዛኛው በእጃቸውና በቀላል መሣሪያ ይሠሩ እንደነበር ነው። ስሚዝ ማኑፋክቸር ሲል በአእምሮው ያለው እጅ ነው፤ የተከፋፈለ፣ የፈጠነ፣ ግን እጅ። ደግሞ የሰውየው ስም! «ስሚዝ» ቀጥቃጭ ማለት ነው። የኢኮኖሚክስ አባት የምንለውን ሰው ስም ወደ አማርኛ ብናመጣው አዳም ቀጥቃጩ ነው የሚሆነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እንግሊዞች የአያቶቻቸውን ሙያ በስማቸው ላይ ተሸክመው ይዞራሉ። ፖተር ሸክላ ሠሪ ነው። ዊቨር ሸማኔ ነው። ታነር ቆዳ ፋቂ ነው። ቴይለር ልብስ ሰፊ ነው። በእንግሊዝም በአሜሪካም በብዛት የሚገኘው የቤተሰብ ስም ስሚዝ ነው። «ራይት» የሚል ጥንታዊ ቃልም አላቸው፣ ሠሪ ማለት ነው። የጥጥ መፍተያ ፋብሪካን ያስፋፋው ሪቻርድ አርክራይት ስሙ ሲፈታ ሳጥን ሠሪ ነው፤ በ1785 በኃይል የሚሠራ የሽመና መሣሪያ የፈለሰፈው ኤድመንድ ካርትራይት፣ ያውም ቄስ፣ ጋሪ ሠሪ ነው። በ1903 የበረሩት የራይት ወንድማማቾች፣ ብስክሌት ጠጋኞቹ፣ በአጭሩ «ሠሪ» ናቸው። እስቲ ከእኛ መካከል ልጁን «ፋቂ» ብሎ የሚሰይም አባት ይፈለግ። በእነሱ ዘንድ ስም የሆነው በእኛ ዘንድ ስድብ ነው። የእንግሊዝ መኳንንትም ቀጥቃጭን ማዕድ አላስቀመጡትም፣ ይህን አውቃለሁ፤ ግን ስሙን ለልጁ አውርሶ፣ ልጁም ለልጅ ልጁ አውርሶ፣ ማንም ሳያፍርበት እስከ ዛሬ ደርሷል።

እጁ ከቃሉ ውስጥ የወጣው ብዙ ጊዜ ሳይፈጅ ነው። አርክራይት ፀጉር አስተካካይና ዊግ ሠሪ ነበር። በ1769 ለመፍተያ ማሽኑ የባለቤትነት መብት አወጣ፤ በ1771 ደግሞ ደርቢሺር ውስጥ ክሮምፎርድ በምትባል መንደር በውኃ ኃይል የሚዞር ፋብሪካ ተከለ። ሠራተኞቹ በቀንና በሌሊት ፈረቃ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ይሠሩ ነበር፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ዛሬ ቦታው በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ የዓለም ቅርስ ነው። የሰለጠነ ፈታይ ዕድሜውን ሙሉ የለመደውን ነገር፣ ጥጡን በጣት ስቦ ክሩን ማቅጠንና ማክረር፣ አሁን ሮለር ይሠራዋል። የቀረው የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው። ለዚያ ደግሞ የልጅ ጣት ይበቃል።

በ1835 አንድሩ ዩር የሚባል የግላስጎው ሰው፣ ሙያው ኬሚስትሪ፣ ስለ ማኑፋክቸር ፍልስፍና መጽሐፍ ጻፈ። ዩር ስለ ቃሉ በግልጽ ተናግሯል፤ ማኑፋክቸር የሚለው ቃል ከሥሩ ተገልብጦ የተቃራኒው ነገር መጠሪያ ሆኗል፣ አሁን በማሽን ተሠርቶ የሰው እጅ ብዙም ያልነካው ነገር ማለት ነው ብሏል። ይህን ሲል አላዘነም፤ ፈንጥዟል እንጂ። የተዋጣለት ማኑፋክቸር ለእሱ እጅን ጨርሶ የሚያሰናብት ነው። ካርል ማርክስ ቆይቶ «የአውቶማቲክ ፋብሪካ ፒንዳር» ብሎ ተሳለቀበት። ፒንዳር ለአሸናፊ ስፖርተኞች የውዳሴ ግጥም የሚገጥም የጥንት ግሪክ ባለቅኔ ነው። በእኛ ቋንቋ የፋብሪካ አዝማሪ እንደማለት ነው።

የቃሉ መገልበጥ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1811 በኖቲንግሃም አካባቢ ካልሲ የሚሠሩ ባለሙያዎች በሌሊት እየወጡ ማሽን በመዶሻ መሰባበር ጀመሩ። ሉዳይት ተባሉ። ዛሬ ሉዳይት ማለት ስልጣኔ የሚጠላ ኋላ ቀር ማለት ሆኗል፤ ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሰዎቹ ማሽን ላይ ያደጉ ናቸው፤ የሚሠሩበት የካልሲ መሣሪያ ራሱ ማሽን ነው። የተቃወሙት በርካሽ ጉልበት ርካሽ ዕቃ አውጥቶ ዋጋቸውን የሚሰብረውን ጌታ ነው። መንግሥት በ1812 ማሽን መስበር በሞት እንዲያስቀጣ ሕግ አወጣ። ገጣሚው ሎርድ ባይረን በሎርዶች ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ይህን ሕግ ለመቃወም ነው፤ ሰሚ ግን አላገኘም። በጥር 1813 በዮርክ ከተማ አሥራ ሰባት ሰዎች ተሰቀሉ። ዩር መጽሐፉን ሲጽፍ ይህ ከሆነ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የቋንቋን ተንኮል ያሳያል። እጅ ከቃሉ ወጣ፤ ሰውየው ግን ራሱ «እጅ» ተባለ። የእንግሊዝ ፋብሪካ ባለቤቶች ሠራተኞቻቸውን «ሃንድስ»፣ እጆች እያሉ ይጠሩ ጀመር። ይህ ፋብሪካ ሦስት መቶ እጅ አለው ይባላል፤ ሦስት መቶ ሰው አይባልም። ቻርልስ ዲከንስ በ1854 ባሳተመው ሃርድ ታይምስ በተባለው ልቦለዱ ይህንን አጠራር አንስቶ ፈልጦታል። ዕቃው እጅ አልነካውም እየተባለ፣ ሰውየው ከእጅ በቀር ምንም የለውም ይባላል።

ጀርመኖች ቃሉን አልገለበጡትም። በእነሱ ዘንድ «ማኑፋክቱር» ዛሬም በእጅ የተሠራ ማለት ነው። በ1710 የተመሠረተው የማይሰን ሸክላ ፋብሪካ በዚህ ስም ይኮራል፤ ሳህኖቹ ላይ አበባ የሚሥሉት ሰዎች በብሩሽ ነው የሚሥሉት። የስዊዝ ሰዓት ሠሪዎችም የውስጡን ሞተር ከጥርስ እስከ ጥርስ ራሱ የሚሠራን ድርጅት «ማኑፋክቱር» ይሉታል። እዚያ ቃሉ ዋጋ ያስጨምራል። ማይሰንም ሆነ የስዊዝ ሰዓት ለእኔ ደመወዝ አይቀመስም፣ ነገር ግን እጅን ከፍ አድርጎ የሚሸጥ ገበያ እንዳለ ማወቅ አይከፋም።

«ፋክተሪ» የሚለው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ፋክተር ማለት የነጋዴ ወኪል ነበር፤ ፋክተሪ ወኪሉ የሚቀመጥበት መጋዘንና የንግድ ጣቢያ ነው። የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በሕንድ ወደብ በሱራት ፋክተሪ ከፈተ ሲባል ጨርቅ ለመግዛት እንጂ ለመሥራት አይደለም። በካናዳ ሰሜን «ዮርክ ፋክተሪ» የሚባል በ1684 የተመሠረተ የፀጉራም ቆዳ መነገጃ ጣቢያ ነበር፣ እስከ 1957 ሠርቷል። «ሙዝ ፋክተሪ» የሚባል ቦታም አላቸው። ሙዝ የዱር እንስሳ ነው፣ ትልቅ አጋዘን፤ የአጋዘን ፋብሪካ የለም መቼም።

እኛ ግን ፋክተሪ አላልንም፤ ፋብሪካ ነው ያልነው። ከጣሊያን ነው የወሰድነው፣ እንደ ላሜራ፣ እንደ ካቻቢቴ፣ እንደ ፒንሳ፣ እንደ ሞርሳ፣ እንደ ጎሚስታ። ጋራዥ ቤት የቆመ ሰው ግማሽ ጣሊያንኛ ያወራል። የፋብሪካን ሥር ስንቆፍር ላቲኑ «ፋበር» ላይ እንደርሳለን። ፋበር ብረትና እንጨት የሚሠራ ባለሙያ፣ በተለይም ቀጥቃጭ ነው። «ፋብሪካ» የእሱ ቤት ነው። ወናፍ የሚነፋበት፣ ብረት የሚግልበት፣ መስፍ የተተከለበት ጎጆ። እንግሊዝኛው «ፎርጅ»፣ የብረት ማጋያው ምድጃ፣ ከዚሁ ከፋብሪካ ነው የተወለደው፤ በፈረንሳዮች አፍ ተቆርጦ ነው እንጂ አንድ ቃል ነው። ፎርጅድ ሰነድ የምንለውም እሱው ነው። ቀጥቃጭን ዓለም ሁሉ ይጠረጥረዋል መሰለኝ፤ «ፋብሪኬት» የሚለውም መሥራት ብቻ አይደለም፣ ውሸት መፍጠርም ሆኗል። «ክራፍት» ደግሞ በጥንት እንግሊዝኛ ብርታት ማለት ነበር፣ ጀርመኖች ዛሬም እንዲያ ይሉታል፤ «ክራፍቲ» ግን ተንኮለኛ ነው። እኛም ከጣሊያኑ ቃል ላይ ግስ አውጥተን «የተፈበረከ ወሬ» እንላለን። ሳንማከር እዚያው ደረስን።

ነገሩ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ የተከበረ የኢንዱስትሪ ቃል ጥሩ ቢባል ሁለት ነው የሚመጣው፤ ፋብሪካና ማኑፋክቸሪንግ። አንደኛው የቀጥቃጭ ቤት ነው፣ ሁለተኛው በእጅ መሥራት ነው። የራሳችን ቃላት ደግሞ አሉ። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን «ባለ እጅ» እንላለን። ቃል በቃል ማኑስ ያለው ሰው ማለት ነው። «ጠይብ»ም እንላለን፤ ይህ ከግዕዙ ጠቢብ የመጣ ነው፣ ጥበብ ካለው፣ ብልኀተኛ ከሆነው። ከአንድ ሥር ጠቢቡ ሰሎሞን ወጣ፣ ጥለት ላይ የሚታየው ጥበብ ወጣ፣ ጠይቡም ወጣ። የመጀመሪያውን እናነበዋለን፣ ሁለተኛውን ለብሰን ለጥምቀት እንወጣለን፣ ሦስተኛውን ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብለን ልጃችንን አንድርለትም። ማረሻውን የሚያሾልልን፣ ጀበናውን የምትሠራልን እነሱ ሆነው ሳለ። በጎንደር ዙሪያ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ከሃይማኖታቸው ሌላ በዚህም ምክንያት ምን እንደደረሰባቸው ዛሬ እስራኤል ያሉት ሽማግሌዎች ያወሩታል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ሠራተኛ ከተሰደበ ሥራ ይጠፋል፣ አገርም ይደኸያል የሚል ነው ሐሳቡ። ዐዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል።

ዛሬ ከተማ ውስጥ ቡዳ የሚል ሰው ቀንሷል። ስድቡ ግን መልኩን ቀይሮ ቅጽ ሆኗል ባይ ነኝ።

መርካቶ አካባቢ አንድ ቶርኖ ቤት አለ፤ ሠልጣኞቻችን ለትብብር ሥልጠና ይላኩበታል፣ እኔም ለክትትል እሄዳለሁ። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምንለው፣ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። አንድ ቀን ከሱሉልታ የመጣ ባለ ወፍጮ የወፍጮውን ዘንግ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞ ገባ። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቷል፤ በጥፍር ሲዳሰስ ጠርዙ ይይዛል። አዲስ ዘንግ ከውጭ ይምጣ ቢባል ባለ ወፍጮው እስኪመጣ ወፍጮውን ዘግቶ ይቀመጣል።

ጋሼ መጀመሪያ የተበላውን ቦታ በብየዳ ሞላው። አንድ መስመር በየደ፣ ዘንጉን ገለበጠ፣ በተቃራኒው ጎን ሌላ መስመር በየደ። ሠልጣኙ ለምን በተርታ አትበይደውም አለው። «በአንድ ወገን ካሞቅኸው ይጎብጥብሃል፤ ከጎበጠ ወፍጮው ሲዞር ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል» አለው። ከዚያ እንዲሁ ሜዳ ላይ አስቀመጠው። ልጁ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ውኃ ሊያፈስ ጀሪካን ሲያነሳ እጁን መታው፤ ውኃ ከነካው ይሰነጠቃል። ሻይ ጠጣን። ዘንጉ ሲቀዘቅዝ ቶርኖው ላይ አስሮ ያዞረው ጀመር። ጋሼ ዓይኑ ያለው ቢላዋው ላይ ሳይሆን ከብረቱ ተፈቅፍቆ የሚወጣው ጥምዝ ላይ ነው። ጥምዙ ገለባ መልክ ሲሆን ዝም ይላል፤ ሰማያዊ ሲሆን ሙቀት በዛ ይልና ፍጥነቱን ይቀንሳል። በካሊፐር ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይለካል። መጨረሻ ላይ ለካሊፐርም የማይታይ ነገር ሲቀር ብርጭቆ ወረቀት አነሳ፣ ዘንጉ እየዞረ በጣቶቹ ያዘለት፣ አቆመው፣ ኩሽኔታውን ዘንጉ አፍ ላይ አስጠጋ። በእጅ ዝም ብሎ ከገባ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው፣ ይላወሳል። ጭራሽ እምቢ ካለ ደግሞ ሲገባ ይሰነጠቃል። ኩሽኔታው ትንሽ ገባና ቆመ። በእንጨት ደገፍ አድርጎ በመዶሻ ነካ ነካ አደረገው፤ ተቀመጠ።

ይህ ሰው የንግድ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው «የጥገና አገልግሎት» ነው። ዘንግ ከጥሬ ብረት ጀምሮ ይሠራል፣ ፑሊ ይሠራል፣ የጥርስ ማርሽ ይቆርጣል፣ ግን ጥገና ነው። ያረጀ ቶርኖውን ለመቀየር አንድ አበዳሪ ዘንድ ቢሄድ ገንዘቡ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማኑፋክቸሪንግ ነው ተባለ። አበዳሪው ዘንድ ማኑፋክቸሪንግ ማለት ሼድ፣ ቢያንስ ይህን ያህል ሠራተኛና ከውጭ የመጣ ማሽን ነው። ማሽኑን ከውጭ ማስመጣት የግድ ነው፣ መሥራት አይፈቀድም ማለት ነው? ይህን ጥያቄ ጋሼ ራሱ ነው የጠየቀው። መልስ የሰጠው አልነበረም።

ኢንዱስትሪ በቶርኖ ቤት ብቻ አይገነባም፤ ይህን ማንም ያውቃል። ከመቶ ሃያ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በእጅ ተሸምኖ አይለብስም፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ሲወረውር ውሎ የሚያወጣው ነጠላ በዓሉን ያሳምራል እንጂ ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም አይደርስም። ዩር በዚህ ልክ ነው። የሳተው ሌላ ነገር ነው። እጅን የሚያሰናብቱት ማሽኖች ከየት መጡ? አርክራይት ፀጉር አስተካካይ ነው ብያለሁ፤ ማሽኑን የሠራለት ጆን ኬይ የሚባል ሰዓት ሠሪ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ብሎን የሚያወጣ ቶርኖ በ1800 ገደማ ያደረሰው ሄንሪ ሞድስሊ፣ በልጅነቱ በዉሊች የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ጥይት ይሞላ የነበረ፣ ከዚያ ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ብረት የለመደ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። የሞድስሊን ወርክሾፕ እየረገጡ የወጡ ልጆች የእንግሊዝን ማሽን ሠሪ ኢንዱስትሪ አቆሙት። ማሽኑ እጅን ከሥራ አስወጣ እንጂ ራሱ ከእጅ ነው የወጣው፣ ያውም ከቀጥቃጭ እጅ።

እኛ ግን ማሽኑን ያለ ቀጥቃጩ ለመግዛት ነው የምንሞክረው። ስለዚህ ሲሰበር ባለሙያ ከውጭ ይጠራል፣ መለዋወጫ በአውሮፕላን ይጫናል፣ ዶላር ጠፋ ሲባል ፋብሪካው ይቆማል። ጋሼ ዘንድ ይምጣ ቢባል መሐንዲሱ ያፍራል። የቆመ ማሽን ግን አያሳፍረውም።

እጅ ቀረ የተባለበት ፋብሪካ ራሱ እጅ ያለበት መሆኑም ይረሳል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የልብስ ስፌት ክፍል ያስተማርናቸው ልጆች ወደዚያ ሄደዋል። አንዷ ፈቃድ ወስዳ ስትመጣ ሥራዋን አሳየችኝ፤ እጅጌ ከአካል ጋር መግጠም ነው። የእጅጌው ጫፍ ከሚሰፋበት የብብት ቀዳዳ በጥቂቱ ይረዝማል። ትርፉ ሳይጨማደድ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ይህን የሚያደርጉት የግራ እጇ ጣቶች ናቸው፤ መርፌው እየሮጠ የላዩን ጨርቅ ገፋ፣ የታቹን ያዝ። ጨርቅ ልፍስፍስ ነው፣ ይሸሻል። ብረት የሚበይደው ሮቦት ፖስተራችን ላይ አለ፤ ሸሚዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰፍቶ የሚሸጥ ሮቦት ግን ገበያውን እስካሁን አልያዘም፤ የዓለም ሸሚዝ የሚሰፋው በዳካም በሐዋሳም በሴት ልጅ ጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ባወጣው ሪፖርት በሐዋሳ ፓርክ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ልብስ አምርተው ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ የሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ተቋረጠ፣ ዜናው ስለ ዘርፉ መጎዳት አወራ። ዘርፉ ኪራይ አይከፍልም፤ ኪራይ የምትከፍለው እሷ ናት።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው፣ ለባለሥልጣንም የሚከብድ አይመስለኝም። የፈቃድ መደቦች ሲከለሱ ከጥሬ ብረት ዕቃ የሚያወጣ ቶርኖ ቤት፣ የአሉሚኒየም ቁርጥራጭ አቅልጦ ድስት የሚያወጣ፣ በርሜል ቀጥቅጦ ምድጃ የሚሠራ የመርካቶው የምናለሽ ተራ ሰው አምራች ተብሎ ይመዝገብ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲገነባ በአጥሩ ሥር ማሽን የሚሰብር ሳይሆን ማሽን አይቶ የሚሠራ ወርክሾፕ ቦታ ይሰጠው። ሰልጣኝ ደግሞ ከጋሼ ዘንድ ለሳምንታት ሳይሆን ብረት ሲግል መልኩን አይቶ ሙቀቱን እስኪለይ ይቆይ፤ ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ ኮሌጃችን ውስጥ የለም፣ ቢኖርም በእንግሊዝኛ ስለሚሆን እኔ ጋ ነው የሚመጣው።

ጋሼ ብድሩን ቢያገኝ የሚገዛውን ቶርኖ ከወዲሁ መርጧል። ያገለገለ የጣሊያን ሥራ ነው፣ ሁለት ሜትር ዘንግ ያስራል፣ ባለቤቱም ቃሊቲ ሆኖ እየጠበቀው ነው።